ስምንት ወደብ፣ አሥራ ስምንት የባሕር ቀን

«ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 63 ነው፤ ባለቤቴ 69 ዓመታቸው ነው። ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ ያጠራቀምነውን አውጥተን የ28 ቀን የመርከብ ጉዞ ገዝተናል። ከሎስ አንጀለስ ተነሥተን በሃዋይ ደሴቶች ሂሎ፣ ሆኖሉሉ እና ኮና፣ ከዚያ በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ቦራ ቦራ፣ ራያቴያ፣ ሞሬያ፣ ፓፔቴ እና ኑኩ ሂቫ ደርሰን ወደ ሎስ አንጀለስ እንመለሳለን። ፕሮግራሙን ስቆጥረው ከመነሻውና ከመድረሻው ቀን ሌላ 18ቱ ምንም የማይታይባቸው የባሕር ቀናት ናቸው። መጨረሻ ላይማ ሰባት ቀን በተከታታይ ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ባለቤቴ ግን ሐሳባቸው ሁሉ ወደቡ ላይ ነው፤ ለስምንቱም ወደብ በሰዓት የተሸነሸነ ሰንጠረዥ ሠርተዋል። እኔ ጉልበቴን ያመኛል። ‹ካልወረድሽ ታዲያ ለምን ከፈልን?› ይሉኛል። መርከብ ላይ መቅረት ነውር ነው ወይ? ያን ሁሉ ቀንስ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ምን ስንሠራ እንውላለን? ባሕሩ ያሳሰበኝ ነኝ።»

ውድ ባሕሩ ያሳሰብዎት፣

በቀላሉ ከሚመለሰው ልጀምር። መርከብ ላይ መቅረት ነውር አይደለም። ወደብ ሲደረስ ከመርከቡ ንቅንቅ የማይሉ ተሳፋሪዎች ሁልጊዜም አሉ፤ ብዙዎቹም ደጋግመው የተጓዙ ናቸው። ሌላው ሰው ሲወርድ የመዋኛ ገንዳው ባዶ ይሆናል፣ ምግብ ቤቱ ሰልፍ አይኖረውም፣ በባሕር ቀን ሰው በማለዳ ፎጣ ጥሎ የሚይዘው ጥላ ሥር ያለ ወንበርም ያለ ግፊያ ይገኛል። «ለምን ከፈልን?» ለሚለው ግን ረዘም ያለ መልስ አለኝ፤ ለባለቤትዎ ቢያነቡላቸው ደስ ይለኛል።

ገንዘባችሁ በአብዛኛው የወጣው ለባሕሩ ነው። ደሴት ብቻ የፈለገ ሰው ከሎስ አንጀለስ ሃዋይ በአውሮፕላን በስድስት ሰዓት ገደማ ይገባል። እናንተ ያንኑ ወደ አራት ሺህ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ውኃ በአምስት ቀን ልታቋርጡ ወስናችኋል። በሜዲትራኒያን ባሕር የሚደረግ የአንድ ሳምንት ጉዞ በየማለዳው አዲስ ከተማ ያሳያል፤ እዚያ የባሕር ቀን ማለት በሁለት ወደቦች መካከል ትንፋሽ የሚሰበሰብበት ነው። የእናንተ ጉዞ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ባሕሩን እንደ ሐኪም ቤት ማረፊያ ክፍል ተራ መጠበቂያ አድርጎ ያየው ሰው ከ26 ቀን 18ቱን ተራ ሲጠብቅ ይጨርሳል። የባለቤትዎን ሰንጠረዥ ሳላየው የምነቅፈው በዚህ ነው፦ ስምንቱን ቀን እስኪፈነዳ ሞልተው አሥራ ስምንቱን ባዶ ትተውታል።

እስቲ ሰንጠረዡን እናቅልለው። ባለቤትዎ ደሴቶቹን በውበታቸው ሳይደረድሯቸው አልቀሩም። እርስዎ ግን መርከቡ በሚቆምበት መንገድ ለሁለት ይክፈሏቸው፤ ለጉልበትዎ የሚበጀው ይኸኛው ነው። በሂሎ፣ በሆኖሉሉ፣ በራያቴያ እና በፓፔቴ መርከቡ ከወደቡ ግንብ ጋር ተጠግቶ ይታሰራል። በመሸጋገሪያው ተራምደው ይወርዳሉ፣ ሲደክምዎት ተመልሰው ይገባሉ፣ ምሳ በልተው ደግሞ ሊወጡ ይችላሉ። በኮና፣ በቦራ ቦራ፣ በሞሬያ እና በኑኩ ሂቫ ግን ትልልቅ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ባሕሩ ላይ መልሕቅ ጥለው ሰውን በትንንሽ ጀልባ ያመላልሳሉ። ከመርከቡ ወደ ጀልባው ሲሻገሩ ሁለቱም ይንቀሳቀሳሉ። መርከበኞች ግራና ቀኝ ክንድዎን ይዘው ያግዙዎታል፤ እርምጃውን ግን የሚራመዱት ራስዎ ነዎት። ባሕሩ የተኛ ቀን ይህ ምንም አይደለም። ማዕበል ባለበት ቀን ጤነኛ ጉልበትም ያመነታል።

ስለዚህ በአራቱ የግንብ ወደቦች ይውረዱ፤ በአራቱ የጀልባ ወደቦች ጠዋት ተነሥተው ውኃውን አይተው ይወስኑ። ለመውረድ ከወሰኑም ከመጀመሪያዎቹ ጋር አይጋፉ። መርከቡ ራሱ የሸጠውን ጉብኝት የገዙ ሰዎች ቀድመው ይወርዳሉ፣ ሌላው በቁጥር ተራ ይይዛል፤ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ ብዙ ጊዜ ሰልፍ የሚባል ነገር አይኖርም።

ሳይወርዱ የሚታይ ነገርም አለ። ቦራ ቦራን የሚከብበው የኮራል ግድግዳ ለትልቅ መርከብ የሚሆን አንድ በር ብቻ ነው ያለው። መርከቡ በዚያ በር ቀስ ብሎ ሲገባ 727 ሜትር ከፍታ ያለው የኦቴማኑ ተራራ ፊት ለፊት ቆሞ ይቀበላችኋል፤ የሐይቁም ቀለም ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ቀላል አረንጓዴ ይለወጣል። ይህ ከመርከቡ ላይኛ ወለል ሆኖ ለሚያይ ሰው ነው የሚያምረው፤ ከታች ከጀልባው ሆኖ ያን ያህል አይታይም። በሞሬያም እንዲሁ ነው። በእነዚህ ሁለት ቦታዎች ገና ሲነጋ ተነሥተው ወደ መርከቡ ፊት ይሂዱ። ባለቤትዎም ሰንጠረዣቸው የሚጀምረው ከጀልባው በኋላ ከሆነ ዋናው ነገር አምልጧቸዋል።

በግንብ ወደቦቹ ደግሞ በቀን አንድ ነገር ብቻ ይምረጡ። ሂሎ ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት፤ ከዚያ ተነሥተው ወደ እሳተ ገሞራው ብሔራዊ ፓርክ በመኪና ቢወጡ ጉድጓዱን ብዙ ሳይራመዱ ያዩታል። በሆኖሉሉ ከመርከቡ ወርደው ሊሄዱበት በሚችሉት ርቀት ላይ እ.ኤ.አ. በ1882 ተሠርቶ ያለቀው የኢዮላኒ ቤተ መንግሥት አለ፤ የሃዋይ የመጨረሻዋ ንግሥት ሊሊኡኦካላኒ እ.ኤ.አ. በ1895 የታሰሩት እዚያው በራሳቸው ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው። ባለቤትዎ እዚያው ቀን ፐርል ሐርበርንም፣ ዋይኪኪንም፣ ዳይመንድ ሄድ ተራራንም እንዳስገቡ እገምታለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው የሚሆነው። ፐርል ሐርበርን ከመረጡ ግን ወደ ሰጠመችው የጦር መርከብ አሪዞና መታሰቢያ የሚወስደው ጀልባ አስቀድሞ በኢንተርኔት ቦታ ይያዝለታል፣ ቦርሳም አያስገቡም።

ከሁሉም አንድ ቦታ ብቻ ውረጂ ብባል እኔ ራያቴያን ነው የምመርጠው። ብዙ ሰው ቦራ ቦራን ሲጠብቅ ይህችን ደሴት ይዘላታል። ታፑታፑአቴያ የሚባል በድንጋይ የተነጠፈ ጥንታዊ የአምልኮ ሥፍራ በባሕር ዳር አላት፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ቦታው ሜዳ ነው፣ ጉልበት አይፈትንም። ከሰፊው የፓስፊክ ውቅያኖስ ልዩ ልዩ ደሴቶች የመጡ ፖሊኔዥያውያን ቀዛፊዎች የሚሰበሰቡበት ማዕከል ነበር። እናንተ ያን ጊዜ ከሃዋይ ተነሥታችሁ አምስት ቀን በሞተር ኃይል ተጉዛችሁ የደረሳችሁ ሰዎች ናችሁ። እነሱ ያንኑ ውኃ በሸራ ጀልባ፣ በከዋክብት፣ በማዕበሉ አቅጣጫና በወፎች እየተመሩ ያቋርጡት ነበር። ነገሩ ተረት ነው ለሚሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ1976 ሆኩሌአ የተባለች ጥንድ ታንኳ ማው ፒያይሉግ በሚባል መሪ ከሃዋይ ወጥታ ያለ ኮምፓስ አንድ ወር ገደማ ተጉዛ ፓፔቴ ወዳለችባት ደሴት ወደ ታሂቲ ገብታለች። አምስቱን የባሕር ቀን በመስኮት ሲያዩ የከረሙ ሰዎች በዚያ የድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲቆሙ የሚያዩት፣ በአውሮፕላን መጥቶ ከቆመው ሰው የተለየ ነው።

ፓፔቴ ቀላል ናት፤ ገበያው ከወደቡ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። የምትደርሱበት ቀን እሑድ ከሆነ ግን ጠዋት በጣም ማልዳችሁ ውጡ፤ ረፋዱ ላይ አብዛኛው ሱቅ ይዘጋል።

አሁን ለባለቤትዎ በቀጥታ የሚነገር ነገር አለኝ። ብቻቸውን ይውረዱ፣ ተራራም ይውጡ፣ ይሂዱ። ኮና እና ኑኩ ሂቫ ላይ ግን ይጠንቀቁ። ሁለቱም የጀልባ ወደቦች ናቸው፤ ከኮና በኋላ አምስት ቀን ባሕር ነው፣ ከኑኩ ሂቫ በኋላ ሰባት። በሜዲትራኒያን መርከብ ያመለጠው ሰው ባቡር ተሳፍሮ በማግስቱ ይደርስበታል። ከኑኩ ሂቫ መርከቡ ያመለጠው ሰው መርከቡን እንደገና የሚያገኘው ሎስ አንጀለስ ነው፤ የአውሮፕላኑንም ወጪ የሚችለው ራሱ ነው። መርከቡ ራሱ የሸጠው ጉብኝት ቢዘገይ ይጠብቃል፤ መጠበቅ ካልቻለም ተሳፋሪውን ወደሚቀጥለው ወደብ የማድረሱ ነገር የኩባንያው ኃላፊነት ነው። በግል የተቀጠረ አስጎብኚ ርካሽ ነው፣ ብዙ ጊዜም የተሻለ ነው፤ ይህን ዋስትና ግን አይሰጥም። ስለዚህ በሂሎ፣ በራያቴያ፣ በሞሬያ በግል፤ በኮና እና በኑኩ ሂቫ ከመርከቡ ጋር፣ ወይም እስከ እኩለ ቀን ብቻ።

የሰዓቱም ነገር ያሳስበኛል። የማርኬሳስ ደሴቶች፣ ኑኩ ሂቫን ጨምሮ፣ ከታሂቲ በሠላሳ ደቂቃ ይቀድማሉ። ግማሽ ሰዓት! መርከቡ ይህን ተቀብሎ ሰዓቱን ሊያስተካክል ይችላል፣ ላያስተካክልም ይችላል። ስልክ ደግሞ ማንንም ሳይጠይቅ የደሴቲቱን ሰዓት ይይዛል። የመጨረሻው ጀልባ የሚነሣው በመርከቡ ሰዓት ነው። ባለቤትዎ ጠዋት ከመውረዳቸው በፊት በመርከቡ ሰዓት የተሞላ የእጅ ሰዓት ያድርጉ፤ የፓስፖርታቸውን ቅጂና በየዕለቱ የመርከብ ፕሮግራም ላይ የሚታተመውን የወደብ ወኪል ስልክ ቁጥርም በኪሳቸው ይያዙ።

ሌላም አለ። ካፒቴኑ ማዕበሉን አይቶ ወደብ ሊዘል ይችላል፤ የጉዞ ውሉ ይፈቅድለታል። ኮና ቢዘለል ስድስት ቀን ሙሉ መሬት አትረግጡም ማለት ነው። ከመርከቡ የተገዛው ጉብኝት ገንዘቡ ይመለሳል። የግሉን አስጎብኚ ግን «መርከቡ ባይቆምስ?» ብላችሁ ሳትከፍሉ በፊት ጠይቁት።

ወደሚያስፈራዎት እንመለስ። «ምንም የማይታይባቸው» ብለዋል። ከመሬት ሆነው ፕሮግራሙን ሲያነቡት እንደዚያ ነው የሚመስለው፤ ወረቀቱ ላይ በየቀኑ አንድ ዓይነት ሦስት ቃል ነው የተጻፈው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል፣ ይውሰዳቸው። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ሰዓቱ በአንዳንድ ሌሊት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳልና ቀኑ 25 ሰዓት ይሆናል። ስትመለሱ ያንኑ ሰዓት ከእንቅልፋችሁ ይቆርጡታል። እኩለ ቀን ላይ ከመርከቡ መሪ ክፍል ያላችሁበት ቦታ፣ የነፋሱ ፍጥነት፣ ከበታቻችሁ ያለው የውኃ ጥልቀት በድምፅ ማጉያ ይነገራል። አንድ የወረቀት ካርታ ገዝተው ይሂዱ፤ የመርከብ ክፍል ግድግዳ አብዛኛውን ጊዜ ብረት ስለሆነ በማግኔት ይለጠፋል። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ አንድ ነጥብ ያድርጉበት። ይህን የሚያደርግ ሰው «የት ነው ያለነው?» ብሎ አይሰለችም። ባለቤትዎ ሰንጠረዥ ይወዱ የለ? ካርታውን ለእሳቸው ይስጧቸው።

ማታ ማታ ደግሞ የሰሜን ኮከብን ይከታተሉ። ከሎስ አንጀለስ ስትነሡ ከአድማስ በላይ 34 ዲግሪ ገደማ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ሃዋይ ስትደርሱ ወደ 20 ዲግሪ ይወርዳል። ከዚያ በየሌሊቱ ዝቅ፣ ዝቅ እያለ ሄዶ ምድር ወገብ ላይ ከባሕሩ ጠርዝ ይጠፋል። በመመለሻው ሳምንት ተመልሶ ይወጣል። በአውሮፕላን ለሚሄድ ሰው ይህ አይታየውም። መብራት የማይበዛበት ወለል የት እንደሆነ እንግዳ መቀበያውን ይጠይቁ፤ አንዳንድ መርከብ በጨለማ ሌሊት የፊቱን ወለል መብራት ያጠፋል።

ከኮና በኋላ በሦስተኛው ቀን አካባቢ ምድር ወገብን ታልፋላችሁ። ያ አካባቢ ነፋሱ የሚተኛበት፣ ሙቀቱ የሚከብድበት፣ ዝናቡ ድንገት ወርዶ ድንገት የሚያቆምበት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ምድር ወገብን የሚሻገሩትን የባሕር ንጉሥ ኔፕቱን ፍርድ ቤት አቁሞ የሚቀጣበት የቆየ የመርከበኞች ጨዋታ አለ፤ ዓሣ እንዲስሙ ያደርጓቸዋል፣ ቀዝቃዛ ነገር ያፈሱባቸዋል፣ ገንዳ ውስጥ ይከቷቸዋል። ልጅነት ነው ብለው አይናቁት፤ ቀሪውን ሳምንት ከማያውቁት ሰው ጋር የሚያግባባዎት ይህ ነው። ዳር ቆሞ መሳቅም ይቻላል። በቀን ደግሞ ወደ ፊተኛው መደገፊያ ብረት ቢሄዱ ከመርከቡ እየሸሹ ከማዕበል ማዕበል የሚበሩትን ዓሦች፣ እነሱንም ለማደን መርከቡን እያጀቡ የሚያንዣብቡትን ወፎች ያያሉ።

ሰባቱን ቀን ግን አላቀልለውም። ከኑኩ ሂቫ ወደ ካሊፎርኒያ የምትሄዱት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ የምድር ወገቡን አካባቢ ካለፋችሁ በኋላ የዘወትሩ ነፋስ የሚመጣው ከዚያው አቅጣጫ ነው። መርከቡ ነፋሱንና ማዕበሉን ፊት ለፊት ይገጥማል። የመርከብ ጎን ላይ ያሉት ክንፎች ግራና ቀኝ መወዛወዙን ይቀንሳሉ፤ ፊትና ኋላ መነሣት መውረዱን ግን ማስቆም አይችሉም። ክፍላችሁን ገና ካልመረጣችሁ መሐል ላይና ዝቅ ካለው ወለል ይሁን። የማጥወልወል መድኃኒት የሚሠራው ሳይጀምር ሲወሰድ ነው፤ አንዳንዱ እንቅልፍ ያመጣል፣ ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው ደግሞ የዓይን ግፊት ላለበት ሰው አይሆንምና ከመነሣትዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ከሰባቱ ክፉዎቹ መሐለኞቹ ይመስሉኛል። ደሴቱ አልፏል፣ ቤት ገና ነው፣ የማዕድ ባልደረቦቻችሁንም ታሪክ ሁለት ሁለት ጊዜ ሰምታችኋል። ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ ሰው በደረቅ ልብስ ቅርጫት የሚጣላው ያን ሰሞን ነው። ለዚያ ጊዜ አንድ ነገር ደብቀው ያስቀምጡ፤ ያልተከፈተ ወፍራም መጽሐፍ፣ የሚለቀም ፎቶ፣ የሚሠራ ዳንቴል። ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮም አንድ ወደፊት የሚሄድ ነገር ይያዙ። በረጅም ጉዞዎች ላይ ብዙ ጊዜ የተሳፋሪዎች መዘምራን ወይም የኡኩሌሌ (የሃዋይ ትንሽ ጊታር) ትምህርት ይኖራል። በየቀኑ ከሚታደለው ፕሮግራም ሁሉን ልካፈል ያለ ሰው በሦስተኛው ቀን ይታክተዋል፤ ጠዋት አንድ፣ ከሰዓት አንድ ይበቃል።

የጠባቧን ክፍል ጉዳይ በተመለከተ፣ ጠዋት ጠዋት ተለያዩ። እሳቸው ወዲያ፣ እርስዎ ወዲህ። ምሳ ላይ ወይም እራት ላይ ስትገናኙ የምታወሩት ነገር ይኖራችኋል። አብሮ መጓዝ ማለት ከንጋት እስከ ማታ ጎን ለጎን መቀመጥ የሚመስላቸው ጥንዶች ሃዋይ ሳይደርሱ ይኮራረፋሉ። «ካልወረድሽ» ለሚለውም ከመነሣታችሁ በፊት ተነጋገሩና ጨርሱት፦ በጀልባ ወደቦቹ ጠዋት የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፣ ምክንያት አይጠየቁም። እሳቸው ሲመለሱ ያዩትን ይነግሩዎታል፤ እርስዎም ስለ ባዶው ገንዳ ይነግሯቸዋል።

የቀሩት ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ከመሬት ስትርቁ ስልካችሁን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉ፤ የመርከቡ የባሕር ኔትወርክ ሮሚንግ ውድ ነው። ለልጆቻችሁ ዝም ብትሉ እንዳይደነግጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ መርከብ ላይ ሆድ የሚያውከውን ኖሮቫይረስ የአልኮል ጄል በደንብ አይገድለውም። የምትወስዱት መድኃኒት ለ28 ቀን ሳይሆን ከዚያ ለሚረዝም ጊዜ ይሁን፣ በእጅ ቦርሳም ይያዝ። የጉዞ መድን ስትገዙ ከመርከብ ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝን እንደሚሸፍን ጠይቁ፤ በውቅያኖሱ መካከል ሄሊኮፕተር የማይደርስበት ብዙ ቀን አለ። ቪዛ የሚያስፈልገው ፓስፖርት ከያዛችሁ ደግሞ ከፖሊኔዥያ ወደ ሎስ አንጀለስ መመለሱ አሜሪካን እንደገና መግባት ስለሆነ አንድ መግቢያ ብቻ ያለው ቪዛ አይበቃችሁም፤ የፈረንሳይ የሼንገን ቪዛም ብቻውን ለፖሊኔዥያ አይሠራም። ይህን የማጣራቱ ኃላፊነት የተሳፋሪው ነው፤ ወረቀቱ ያልተሟላን ሰው መርከቡ ከመነሻው ወደብ ትቶት ይሄዳል።

ለኑኩ ሂቫ የነፍሳት መከላከያ ቅባት ያዙ፤ በባሕር ዳሩ ያሉት ጥቃቅን ዝንቦች ክፉኛ ይነድፋሉ። ሻንጣ ስታዘጋጁም ሁሉን ልብስ ለሙቀት ብቻ አታድርጉት። ካሊፎርኒያ ሲቀርብ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት የባሕር ቀናት ውጭ ለመቀመጥ ለሁለታችሁም ሹራብ ያስፈልጋችኋል።